ከአንድ በግና ከሁለት መንግሥት ጋር ወደ ሺንሺቾ

ሆሳዕና፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ

በግ ታቅፎ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ስለ ነጻነት ማሰቡ አይቀርም። እኔም አሰብኩ። በጉ ጭኔ ላይ ነው፤ ቀንዱ አገጬ ሥር ነው፤ ከግራና ከቀኜ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ሰዎች መንግሥት ምን መምሰል እንዳለበት ይጨቃጨቃሉ። ገና ቁርስ እንኳ አልበላሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ቢኒያም ሆሳዕና ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። የሚወዳት ልጅ ማርታ ሺንሺቾ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት። ዛሬ ሦስት ሆነን ለሽምግልና ወደ አባቷ ቤት እንሄዳለን። ከግራዬ ያሉት ጋሽ ታደሰ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥነ ዜጋ አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል፣ ማስተማሩን ግን አልተዉም። ከቀኜ ያሉት አቶ ኤርሲዶ የቢኒያም አባት ታላቅ ወንድም፣ የሆሳዕና የቅቤ ነጋዴ ናቸው። እኔ ከአዲስ አበባ የተጠራሁት ሽማግሌ ጎዶሎ ቁጥር መሆን ስላለበትና፣ እህቴ እንደነገረችኝ፣ «አንተ በምንም ነገር ላይ አቋም ስለሌለህ» ነው። ተቀየምኩ፤ ግን እውነቷን ነው።

በሃይማኖት በኩል ጣጣ የለም፤ ቢኒያም እንደ አባቱ ካቶሊክ ነው፣ የማርታም ቤተሰብ ካቶሊክ ነው። ጣጣው ሌላ ነው። ጆሃንስበርግ ሱቅ ያለው አንድ ሰው ለማርታ ሽማግሌ ልኳል። አባቷ አቶ አኑሎም «ቅዳሜ ከምሳ በፊት ሁለቱንም ሰምቼ ቁርጡን እናገራለሁ» ብለዋል። ከዘገየን ወይም ካበላሸን ማርታ ሄደች ማለት ነው። ቢኒያም ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል።

ሁለቱ ሽማግሌዎቼ ምርጫ በመጣ ቁጥር ይኳረፋሉ። ጋሽ ታደሰ «ሰው የፈለገውን ተናግሮ በሰላም ቤቱ የሚያድርበት መንግሥት ይሻላል፤ ሌላው በኋላ ይመጣል» ይላሉ። አቶ ኤርሲዶ ደግሞ «ሠርቼ፣ ነግጄ፣ ያገኘሁትን ያለ ከልካይ የምበላበት ይሻለኛል፤ የጠገበ ሰው ምን የሚናገረው አለው?» ይላሉ። ዛሬ እኔን መሃል አስቀምጠው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለአንዳቸው ድምፄን እንድሰጥ ወስነዋል። የተስማሙበት ብቸኛ ነገር ይኸው ነው።

«መንግሥት እንደ መኪና ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ጣታቸውን በበጉ ራስ ላይ አሻግረው። «ተሳፋሪው ወራጅ አለ ሲል…»

ቢኒያም ፍሬን ያዘ። በጉ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔም ከበጉ ጋር።

«ማን ነው ወራጅ?» አለ ቢኒያም ዞሮ።

«ማንም! ምሳሌ ነው!»

«ይቅርታ ጋሼ።»

ተንቀሳቀስን። ጋሽ ታደሰ «እንግዲህ ያ ወራጅ ያልኩት…» ብለው ቀጠሉ። ቆምን። ይህ ልጅ ወራጅ የምትባለውን ቃል ከሰማ፣ ምሳሌም ትሁን ተረት፣ እግሩ ፍሬን ላይ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ደግመን ስንቆም አቶ ኤርሲዶ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«አቶ ታደሰ፣ ወይ ፖለቲካውን ይተዉት ወይ እንውረድ!»

«እንውረድ» ስላሉ እንደገና ቆምን።

መናኸሪያ፣ ፀሐይ ስትወጣ

ወደ ሺንሺቾ የተሰለፉት ሁለት መኪናዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ሚኒባስ ነው። ከፊት መስታወቱ ላይ በትልቁ «ፖለቲካ ማውራት በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል፤ ከሥሩ በቀጭኑ «ሌላው ሁሉ ይቻላል»። እውነትም ሁሉ ተችሏል። ዶሮ አለ፣ የዝንጅብል ጆንያ አለ፣ አቮካዶ በቅርጫት አለ፤ አንድ ሰው በእያንዳንዱ ወንበር መካከል እየተሽሎከለከለ ካልሲ ይሸጣል። አንዲት ሴትዮ ከኋላ ወንበር ሆና ከፊት ያለችውን ስለ ሙዝ ትከራከራለች፤ ገንዘቡ በተሳፋሪ እጅ ይተላለፋል፣ ሙዙም እንደዚያው ይመለሳል። አቶ ኤርሲዶ ይህን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ሁለተኛው በአዲስ አበባ ድሮ «ውይይት» እያልን የምንጠራት ዓይነት አሮጌ መኪና ናት፤ ወንበሮቿ ፊት ለፊት ስለሆኑ ሳትወያይ መጓዝ አይቻልም። ይችኛዋ ስሟን ከልቧ ወስዳዋለች። «በዚህ መኪና ሐሳብን መግለጽ ነጻ ነው» የሚል ተለጥፎባታል። ከሥሩ «ዕቃ መጫን፣ መሸጥ፣ መግዛት፣ መብላት ክልክል ነው» ይላል። ሾፌሩ እንደነገረን፣ አንድ ጊዜ ማር የያዘ እንስራ ውስጧ ተሰብሮ ተሳፋሪው ከወንበር ጋር ተጣብቆ ደርሷል፤ ከዚያ ወዲህ ነው የንግዱ ሕግ የወጣው። ረዳት የለውም። ረዳቱ በክርክር ተሸንፎ ሥራውን ለቅቋል።

ጋሽ ታደሰ ወደ ውይይቷ፣ አቶ ኤርሲዶ ወደ ሚኒባሱ አመሩ። ሽማግሌ ተነጣጥሎ ደጅ ከደረሰ ደግሞ ነውር ነው፤ «የራሳቸውን ሳያስታርቁ እኛን ሊያጋቡ መጡ» ይባላል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«በግ ይዘናል፣ ቅቤም ይዘናል» አልኩ። «በሚኒባሱ እንሂድ።»

«ይሄ ድምፅ ነው!» አሉ አቶ ኤርሲዶ በደስታ።

«አይደለም» አልኩ። «ይሄ በግ ነው።»

ወደ አንጋጫ፣ በዝምታው መኪና

መንገዱ ደስ ይላል። እንሰት በየደጁ፣ ሣር የለበሱ ክብ ቤቶች፣ ባሕር ዛፍ፣ ወደ ገበያ የሚወርዱ አህዮች። ትኩስ የተቀቀለ በቆሎ በመስኮት ገባልኝ፤ ቁርሴን በላሁ፣ ዓለም አማረችኝ። እውነቱን ልናገርና እዚያች ሰዓት ላይ ብጠየቅ ኖሮ ለአቶ ኤርሲዶ ድምፄን ሰጥቼ ነበር።

አቶ ኤርሲዶ ራሳቸው ገነት ገብተዋል። ካልሲ ገዙ፣ ማበጠሪያ ገዙ (ራሳቸው መላጣ ነው)፣ ሙዝ ገዙ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ቅቤው ይሸጣል?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«አይሸጥም፣ የእጅ መንሻ ነው» አልኩ እኔ።

አቶ ኤርሲዶ ሴትዮዋን አዩ፣ ቅቤውን አዩ። «ስንት ትሰጭኛለሽ?» አሉ።

ሳስቆማቸው ግማሹ ሄዷል። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ዋጋው ጥሩ ነበር» አሉኝ፣ እንደታመመ ሰው በደከመ ድምፅ።

የሾፌሩ ችግር ፖለቲካ የሚለው ነገር ሰፊ መሆኑ ነው። አንዲት እናት «ዘንድሮ ስኳር…» ስትል በመስታወቱ አያትና «እማማ!» አለ፤ ዝም አለች። አንዱ ገበሬ «ማዳበሪያ…» አለ፤ «ወንድሜ!» ተባለ፤ እሱም ዝም አለ። ቀጥሎ አንድ ሰው ስለ ዝናብ ተናገረ፤ ሾፌሩ ትንሽ አስቦ ፈቀደለት። ጋሽ ታደሰ ይህን ሁሉ እያዩ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ። «ዝም አይነቅዝም» አልኳቸው በጆሯቸው። «ሰውዬው ይነቅዛል» አሉኝ።

ከዚያ መኪናው አንድ የተባረከ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። ሁላችንም ጣሪያ ነክተን ተመለስን። ጋሽ ታደሰ አመለጣቸው።

«ይሄ መንገድ ግን መቼ ነው…»

«ወራጅ አለ!» አለ ሾፌሩ፣ መኪናውን አቆመ።

ዙሪያውን አየን። «ማን ነው ወራጅ?»

«እርስዎ ነዎት አባቴ።»

«እኔ የተናገርኩት ስለ መንገድ ነው!»

«መንገድ የሚሠራው ማን ነው?»

ጋሽ ታደሰ የሥነ ዜጋ መምህር ናቸው፤ ሲጠየቁ አለመመለስ አይችሉም። «መንግሥት» አሉ።

«እንግዲህ!» አለ ሾፌሩ፣ በሩን ከፈተ።

አንጋጫ፣ ረፋድ

ሽማግሌ ተነጣጥሎ ስለማይደርስ ሦስታችንም ወረድን፤ ከበጉ ጋር አራት። አቶ ኤርሲዶ ከመኪናው ሲለዩ አገር ጥለው የሚሰደዱ ይመስሉ ነበር። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቢኒያም ይደውላል፤ «ደረሳችሁ?» ይላል፤ «እየደረስን ነው» እላለሁ። ይህች ቃል በአገራችን ማንንም አታስኮንንም።

ሻይ እንደጠጣን ውይይቷ ከሩቅ መጣች። ከመኪናዋ በፊት የደረሰው ጩኸቷ ነው። ቆመችልን፤ ወዲያው የበጉ ጉዳይ ተነሣ።

«ዕቃ ክልክል ነው» አለ ሾፌሩ።

«በግ ዕቃ አይደለም፣ ተሳፋሪ ነው» አሉ ጋሽ ታደሰ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ቀና ብለው አላየኋቸውም። «ሂሳቡን እንከፍልለታለን፣ ወንበር ይይዛል።»

አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ከውስጥ እጁን አወጣ። «እዚህ መኪና ውስጥ የሚሳፈር ሐሳቡን መግለጽ አለበት። በጉ ሐሳብ አለው ወይ?»

ለሁለት ተከፈሉ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወደ ክርክሩ ገባ። አንዲት መነኩሲት በጉን ደገፉ። አንድ ተማሪ በጉ ዕድሜው ለድምፅ መስጠት እንደማይደርስ አስረዳ። እኔ ሰዓቴን እያየሁ ላቤ መጣ፤ የልጅ ትዳር በበግ መብት ሊቀር ነው! በመጨረሻ በጉ ራሱ፣ ቀንዱን ስለያዝኩት ይመስለኛል፣ «ምባአ!» አለ።

«ተናገረ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

በአብላጫ ድምፅ ተሳፈረ።

ዱራሜ፣ ከነጩኸታችን

እንዲህ ያለ ነጻነት አይቼ አላውቅም። ስለ ስኳር ተወራ፣ ስለ ማዳበሪያ ተወራ፣ ስለ መንገድ ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ተናገረ። ሹማምንት ከላይ እስከ ታች አንድ በአንድ ተነሡ፣ ተወቀሱ፣ ተቀመጡ። ጋሽ ታደሰ የሃያ ዓመት ወጣት ሆኑ። አቶ ኤርሲዶ ግን ገበያ ላይ የተዘጋ ሱቅ መስለው ተቀምጠዋል። ጠዋት የገዙት ሙዝ ኪሳቸው ውስጥ ነው፤ መብላት ክልክል ስለሆነ በእጃቸው ይዳብሱታል። አንዴ ሰርቀው ሊልጡት ሲሉ ሱፍ ለባሹ አያቸውና «ሥርዓት!» አለ።

«የምናገረው ነጻ ነኝ፣ የምበላው እስረኛ ነኝ» አሉኝ አቶ ኤርሲዶ። በውነቱ አሳዘኑኝ።

አንዲት እማማ ከጥጉ ተነሥተው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ወራጅ አለ» አሉ ቀስ ብለው።

ማንም አልሰማም። ሾፌሩ ወደ ኋላ ዞሮ ስለ ግብር እየተናገረ ነው።

«ወራጅ አለ ልጆቼ፣ ቤቴ አለፈኝ።»

«እማማ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አለ ሱፍ ለባሹ። «ሦስት ሰው እጅ አውጥቶ ቀድሞዎታል።»

እማማ ተራቸውን ጠበቁ። ሐምበሪቾ ተራራ ከፊታችን መጣ፣ ዱራሜም መጣች፤ ዱራሜ የሚወርዱትም ሳይወርዱ ከተማዋ አለፈች። እማማ ተራቸው ደርሶ ሲናገሩ በጣም ጥሩ ተናገሩ፤ ተጨበጨበላቸው። የወረዱት ግን ቤታቸውን ብዙ ካለፉ በኋላ ነው፤ በሚመለስ ሞተር አሳፈርናቸው።

«እህሳ፣ ድምፅህ?» አሉኝ ጋሽ ታደሰ ፊታቸው እያበራ።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አልኳቸው።

«ተረት ድምፅ አይደለም!» አሉ ሁለቱም በአንድ አፍ።

ሺንሺቾ፣ ምሳ ሲቀርብ

የአቶ አኑሎ ግቢ እንሰት የከበበው ንጹሕ ግቢ ነው። ስንደርስ አንድ ነጭ የኪራይ መኪና እየወጣ ነበር፤ የጆሃንስበርጉ ሽማግሌዎች ናቸው። ከመስኮት ሆነው በጋችንን አዩና ፈገግ አሉ።

አቶ አኑሎ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ተቀበሉን፣ አስቀመጡን፣ ግማሽ ቅቤያችንን ተቀብለው ምንም አላሉም። ከእኛ በፊት የመጡት ያሉትን ነገሩን፦ ሱቅ ይከፈትላታል፣ ቤት ይሠራላታል፣ ፓስፖርቷን ደግሞ እንዳይጠፋባት ባሏ ይይዝላታል።

«እናንተስ?» አሉ። «ልጄ እናንተ ዘንድ ብትመጣ ምን ታገኛለች?»

አቶ ኤርሲዶ ቀደሙ። «ትሠራለች፣ ትነግዳለች! ያገኘችውን ማንም አይነካባትም!»

«መጀመሪያ ትናገራለች!» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ያላት ሐሳብ ይሰማል!»

«በባዶ ሆዷ?»

«ጠግቦ አፉን ከተለጎመ በሬ ይሻላል! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…»

«ልጄን በሬ አሏት?» አሉ አቶ አኑሎ።

እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሆሳዕና ባጃጁ አጠገብ ቆሞ ስልኩን የሚያየው ልጅ ታወሰኝ፤ የሽማግሌ ምርጫችን ገደለው አልኩ በልቤ።

ያን ጊዜ ማርታ ቆጮና አይብ በጎመን ይዛ ገባች። ሳህኑን አስቀምጣ አልወጣችም።

«አባባ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቃቸው?» አለች።

አቶ አኑሎ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ፤ ምናልባት ያልጮህኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ይሆናል።

«ጋሼ፣ ከቢኒያም ጋር ተሳፍሬ መሃል መንገድ ላይ ወራጅ አለ ብል፣ ያቆማል?»

ጋሽ ታደሰ ወደ ቆጮው ዞሩ። ዛሬ ወራጅ አለ ተብሎባቸው የወረዱ ሰው ናቸው። አቶ ኤርሲዶም ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ሙዝ ያዙ። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ነበረኝ።

«እቴ» አልኳት፣ «ቢኒያም ማቆም ብቻ ነው የሚያውቀው! ዛሬ ጠዋት አንድም የሚወርድ ሰው ሳይኖር ስንቴ ቆመ መሰለሽ። ጋሽ ታደሰ በምሳሌ ወራጅ ባሉ ቁጥር ቆመ። ቁልቁለት ላይ ቆመ። አቶ ኤርሲዶ ተቆጥተው እንውረድ ሲሉም ቆመ። ይኸው በጉ ይመስክር፣ ቀንዱ አገጬን ልጦታል።» አገጬን አሳየኋት።

ማርታ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። ነርስ ናትና አገጬንም ቀረብ ብላ አየችው።

«አውቃለሁ» አለች። «መጀመሪያ ባጃጁ ላይ የወጣሁ ቀን ዳገት ላይ ወራጅ አለ ብዬው ቀጥ አለ። ሞተሩ ጠፋ፣ አልነሣም አለ። ሁለታችን ገፍተን ነው የወጣነው።»

«ታዲያ ካወቅሽ ለምን ጠየቅሽ?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«እናንተ ታውቁ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አቶ አኑሎ ሳህኑን ወደ እኛ አስጠጉ። «ቅድም የመጡትንም ይህንኑ ጠይቃቸው ነበር» አሉ።

«ምን መለሱ?» አልኩ።

«ለምን ትወርዳለች? ሁሉ ነገር አላት እኮ! አሉ።»

ከዚያ ተነሡ፤ እኛም ተነሣን። መረቁን። አቶ ኤርሲዶ አለቀሱ፣ ጋሽ ታደሰም አለቀሱ፤ እኔ ያለቀስኩት አገጬ ስለቆጠቆጠኝ ብቻ ነው ብል ውሸት ነው። ስንወጣ አቶ አኑሎ የበጉን ገመድ መልሰው እጄ ላይ አኖሩት።

«ለሠርጉ ይምጣ» አሉ። «ለዛሬ ግማሽ ቅቤ ይበቃናል።»

መልስ፣ ወደ ማታ

ባለ ሚኒባሱ ጋሽ ታደሰን ገና ከሩቅ ሲያይ በሩን ዘጋ፤ ስለዚህ በውይይቷ ተመለስን። በጉ አሁን የቆየ ተሳፋሪ ነው፤ ቦታውን ራሱ ያውቃል። አቶ ኤርሲዶ ከመሳፈራቸው በፊት ሙዛቸውን በሙሉ እዚያው ቆመው በሉ።

መንገዱን ሙሉ ሁለቱ ሽማግሌዎች ማርታን ያሳመነው የማን ሐሳብ እንደሆነ ተከራከሩ። ጋሽ ታደሰ «ወራጅ አለ ማለት መናገር ነው፤ የእኔ ነው» አሉ። አቶ ኤርሲዶ «ሂሳብ የከፈለ ሰው በፈለገበት ይወርዳል፤ የእኔ ነው» አሉ። መኪናው በሙሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሾፌሩም ወደ ኋላ ዞረ። በዚህ መካከል ሆሳዕና ደረስን።

በመስኮት ቢኒያም ታየኝ። ማርታ ቀድማን ደውላለታለች፤ ሽማግሌ የሚያደርሰው ሁልጊዜ የቆየ ወሬ ነው። ሱፍ ለብሶ ባጃጁ አጠገብ ቆሟል፤ ሁለት እጁን ወደ እኛ አንሥቷል። መኪናችን ግን አልቀነሰችም። ባጃጁን አለፍን፤ መናኸሪያውን ልናልፍ ሆነ፤ ቢኒያም ከኋላችን መሮጥ ጀመረ።

በዕድሜዬ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«ወራጅ አለ!»

መኪናው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። በጉ እንኳ አየኝ።

«ድምፁን ሰጠ!» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«ለማን?» አሉ አቶ ኤርሲዶ። «ንገረና፣ ለማን ነው የሰጠኸው?»

መኪናው ቆሞ ነበር። በጌን አቅፌ ወረድኩ።